ሰፊ ትራንዚስተር ወደ ጣቶች ስለ መከፋፈሉ

የአንድ ኢንተግሬትድ ሰርኪት የአቀማመጥ ንድፍ በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ሲታይ፣ ቶሎ ዓይን ውስጥ የሚገባው እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ ሁለት ሚዶዎችን የሚመስል ቅርጽ ነው። የአንዱ ሚዶ ጥርስ በሌላው ሚዶ ጥርሶች መካከል ይገባል፤ በየጥርሱ መካከልም ቀጫጭን መስመሮች ያልፋሉ። በሰርኪቱ ሥዕል ላይ ግን ይህ ሁሉ አንድ ትራንዚስተር ብቻ ነው፤ አንድ ምልክት፣ ከጎኑም «ስፋት 100 ማይክሮን» የሚል አጭር ጽሑፍ። አንዱ ምልክት ብዙ ጥርስ ያለው ሚዶ የሚሆንበትን ምክንያት፣ ስንት ጥርስ እንደሚበቃውም በምን እንደሚታወቅ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጥ እንሞክራለን። በሙያው ቋንቋ እነዚህ ጥርሶች «ጣቶች» ስለሚባሉ እኛም ከዚህ በኋላ ጣቶች እንላቸዋለን።

ነገሩ ቦታ ለመቆጠብ ብቻ የሚደረግ የሚመስላቸው ጥቂቶች አይደሉም። እርግጥ ቦታም ይቆጠባል። ነገር ግን ክፍፍሉ የትራንዚስተሩን የኤሌክትሪክ ጠባይ ራሱን ይለውጣል፤ ስሌቱን በምልክቱ ላይ ብቻ ተመሥርቶ የጨረሰ ሰው፣ ያሰላው ትራንዚስተርና የሚሠራለት ትራንዚስተር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይሆኑበታል። ቺፕ ደግሞ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ እንደ ራዲዮ ተከፍቶ በብየዳ አይታረምም።

አስቀድመን ሁለት ቃላትን እንለይ። በሞስ ትራንዚስተር ውስጥ ኤሌክትሮኖች ሶርስ ከሚባለው መደብ ተነሥተው በጌቱ ሥር አልፈው ድሬይን ወደሚባለው መደብ ይሻገራሉ። የዚህ መሻገሪያ «ርዝመት» የሚባለው ከሶርስ እስከ ድሬይን ያለው መንገድ ነው፤ «ስፋት» የሚባለው ደግሞ መሻገሪያው ወደ ጎን የተዘረጋበት መጠን ነው። የወንዝ መልካን ያስቧል፤ ርዝመቱ ከዳር እስከ ዳር የሚኬደው ውሃ ነው፣ ስፋቱ ደግሞ ስንት ሰው ጎን ለጎን ሊሻገር እንደሚችል ይወስናል። ጀማሪውን የሚያደናግረው፣ በሥዕሉ ላይ ረጅም ሆኖ የሚታየው «ስፋት» የተባለው፣ አጭር ሆኖ የሚታየው ደግሞ «ርዝመት» የተባለው መሆኑ ነው። የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት ከስፋቱ ጋር ያድጋል፣ ከርዝመቱ ጋር ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙ ፍሰት የሚፈለግበት ትራንዚስተር መስፋት አለበት።

ይህ የሚዶ ቅርጽ ከሞስ ትራንዚስተርም ይቀድማል። በባይፖላር የኃይል ትራንዚስተሮች ውስጥ፣ የቤዙ ተቃውሞ የተነሣ ፍሰቱ ወደ ኤሚተሩ ጠርዝ ይሰበሰብ ስለነበር፣ የኤሚተሩ መሐል ያለ ሥራ ይቀር ነበር። ጠርዙን ለማብዛት ኤሚተሩንና ቤዙን እንደ ጣት አጠላልፎ መሥራት ግድ ሆነ። በሞስ ትራንዚስተር ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ታሪኩም ከጌቱ ማዕድን ጋር የተያያዘ ነው። መሐመድ አታላና ዳዎን ካንግ በቤል ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1959 የሠሩት ትራንዚስተርም ሆነ ከእርሱ ቀጥለው ለገበያ የወጡት ሞስ ትራንዚስተሮች የብረት ጌት ነበራቸው። በኋላ የተለመደው አሉሚኒየም ኤሌክትሪክን በደንብ ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ1968 ፌዴሪኮ ፋጂን በፌርቻይልድ ኩባንያ የፖሊሲሊኮን ጌት የሚሠራበትን ዘዴ ለፋብሪካ ሥራ አበቃው። ፖሊሲሊኮን ከፍተኛ ሙቀት ስለሚችል ጌቱ አስቀድሞ ተሠርቶ ሶርሱና ድሬይኑ የጌቱን ጠርዝ ተከትለው በራሳቸው ቦታቸውን እንዲይዙ አስቻለ፤ ትልቅ ጥቅምም ሰጠ። ነገር ግን ዋጋ አስከፈለ፤ ፖሊሲሊኮን ከአሉሚኒየም ይልቅ ኤሌክትሪክን እጅግ የሚቃወም ነውና። በኋላ ጌቱን ሲሊሳይድ በሚባል የብረትና የሲሊኮን ውሕድ መሸፈን ተለመደ፤ ተቃውሞው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

አሁን በቁጥር እንየው። ስፋቱ 100 ማይክሮን፣ ርዝመቱ 0.18 ማይክሮን የሆነ ትራንዚስተር እንውሰድ። ጌቱ በአንድ ወጥ መስመር ቢሠራ፣ 100 ማይክሮን ተዘርግቶ 0.18 ማይክሮን ብቻ የሚወፍር ክር ይሆናል። የእንዲህ ያለ ክር ተቃውሞ የሚቆጠረው በካሬ ነው፤ ማለት ጎኑ 0.18 የሆነ ስንት ካሬ ተከታትሎ ይገባበታል ብለን እንጠይቃለን። መልሱ 555 ካሬ ያህል ነው። ለእያንዳንዱ ካሬ 8 ኦም ብለን ብንገምት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 4,444 ኦም ይመጣል። ተቃውሞው በክሩ ላይ ሁሉ የተበተነ ስለ ሆነና መንገዱን ሁሉ የሚጓዘው የፍሰቱ ከፊል ብቻ ስለ ሆነ፣ በሰርኪቱ ላይ የሚሰማው ሲሶው ነው፤ 1,481 ኦም ያህል። ሽቦ ነው ተብሎ የተናቀው ነገር ለራሱ አንድ ትልቅ ሬዚስተር ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ይህ ምን ጉዳት ያመጣል? ጌቱ ከሥሩ ካለው ሲሊኮን ጋር ካፓሲተር ይሠራል። ለአንድ ካሬ ማይክሮን 8.5 ፌምቶፋራድ ብንይዝ፣ 18 ካሬ ማይክሮን የሆነው ጌታችን 153 ፌምቶፋራድ ይኖረዋል። ይህን ካፓሲተር በዚያ ተቃውሞ በኩል መሙላት ጊዜ ይወስዳል። ሰዎች በረጅም ሰልፍ ቆመው ከአንዱ ጫፍ የተነገረ ቃል እየተቀባበሉ ወደ ሌላው ጫፍ ሲያደርሱ እንደሚዘገይ፣ ምልክቱም ከክሩ መነሻ ወደ ክሩ መጨረሻ ሲደርስ ይዘገያል። መዘግየቱ በግምት የተቃውሞውና የካፓሲታንሱ ብዜት ግማሽ ነው፤ በእኛ ምሳሌ 340 ፒኮሴኮንድ። በአንድ ጊጋኸርትዝ የሚሠራ ሰርኪት አንድ ዙር የሚፈጅበት 1,000 ፒኮሴኮንድ ብቻ ነው። እንግዲህ የትራንዚስተሩ ቀራቢ ጫፍ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ራቅ ያለው ጫፍ የዙሩን አንድ ሦስተኛ ያህል ተኝቶ ያሳልፋል። ሥዕሉ 100 ማይክሮን ይላል፤ በዚያች ቅጽበት የሚሠራው ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። በዚህ ላይ ማንኛውም ተቃውሞ ከሙቀቱ የተነሣ ጩኸት ስለሚፈጥር፣ የጌቱ ተቃውሞ ከአንቴና የመጣን ደካማ ምልክት በሚያጎላ ሰርኪት መግቢያ ላይ ጩኸትን ይጨምራል።

መፍትሔው ክሩን ቆራርጦ ጎን ለጎን መደርደር ነው። 100 ማይክሮኑን አሥር ቦታ ብንከፍለው፣ እያንዳንዱ ጣት 10 ማይክሮን ይሆናል፤ የጣቱም ተቃውሞ ወደ 444 ኦም ይወርዳል። ይህ የመጀመሪያው አሥር እጅ ነው። ጣቶቹ ሁሉ በአንድነት ትይዩ ሆነው ስለ ተያያዙ ደግሞ አሥሩ ተደምረው 44 ኦም ይሆናሉ። ይህ ሁለተኛው አሥር እጅ ነው። ስለዚህ አሥር ጣት ተቃውሞውን የሚቀንሰው በአሥር ሳይሆን በመቶ ነው፤ ሲሶውን ስንወስድ 14.8 ኦም እናገኛለን። መዘግየቱም ከ340 ወደ 3.4 ፒኮሴኮንድ ይወርዳል። ጣቶቹን በአንድ ጫፍ ብቻ ሳይሆን በሁለቱም ጫፍ ከብረት መስመር ጋር ብናገናኛቸው፣ ቃሉ ከሁለት ወገን ገብቶ መሐል ላይ ይገናኛል፤ ተቃውሞው እንደ ገና በአራት ተካፍሎ 3.7 ኦም ይሆናል። ይህች ሁለተኛ ጫፍ ብዙ ጊዜ የምትረሳ ናት፤ የምትጠይቀው ግን ጥቂት ኮንታክቶችንና አንድ አጭር መስመር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ከመደቦቹ የሚገኝ ነው። ሁለት ጣቶች ጎን ለጎን ሲቆሙ በመካከላቸው ያለውን አንድ መደብ ይጋራሉ፤ የአንድ ድንበር አጥር ለሁለት ጎረቤት እንደሚያገለግል ነው። መደቦቹ ሁሉ ከሥራቸው ካለው ሲሊኮን ጋር ካፓሲታንስ አላቸውና፣ መጋራቱ ይህን ሸክም ይቀንሳል። የእያንዳንዱ መደብ ወርድ ግማሽ ማይክሮን ነው እንበል። ሳይከፋፈል የድሬይኑ ስፍራ 50 ካሬ ማይክሮን ነው። ወደ ሁለት ጣት ከፍለን ድሬይኑን መሐል ብናደርገው 25 ይሆናል። ሦስት ጣት ብናደርገው ግን 33 ይሆናል፤ አልቀነሰም፣ ጨመረ! በአራት ጣት ወደ 25 ይመለሳል፣ በአምስት 30 ይሆናል። ጎዶሎ ቁጥር ሲሆን አንዱ ድሬይን በዳር ቀርቶ አጋር ያጣል። ስለዚህ ያለ ልዩ ምክንያት ጎዶሎ ጣት የሚመርጥ ሰው ካፓሲታንስ በከንቱ ይገዛል። ደግሞም ከሁለት ጣት በኋላ የድሬይኑ ስፍራ ከ25 በታች እንደማይወርድ ልብ ይሏል፤ ከዚያ በኋላ ጣት ማብዛት የሚቀንሰው የሶርሱን ስፍራ ነው፤ በሁለት ጣት 50 የነበረው በአሥር ጣት 30 ይሆናል።

በጥንድ ጣቶች ከሁለቱ መደቦች አንዱ ዳሩን መያዝ አለበት። በተለመደው ማጉያ ሶርሱ ከመሬት ጋር ስለሚያያዝ ቮልቴጁ አይንቀሳቀስም፤ ካፓሲታንሱ ቢበዛም ሸክም አይሆንም። ስለዚህ ሶርሱ ወደ ዳር ይወጣል፣ ድሬይኑ ወደ መሐል ይገባል። ውጤቱ ከሶርሱ በሚወሰድበት ሰርኪት ውስጥ ግን ይህ ሕግ ይገለበጣል። ሕጉን ሳይሆን ምክንያቱን መያዝ ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ ሲደርስ «እንግዲያስ መቶ ጣት ለምን አናደርገውም?» ይል ይሆናል። መቶ ጣት ማለት እያንዳንዱ 1 ማይክሮን ማለት ነው። እያንዳንዱ ጣት ከመደቡ አልፎ በሁለቱም ጫፍ ትንሽ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ በጌቱ ዳር ሶርስና ድሬይን ሊገናኙ ይችላሉ። ይህ ትርፍ ጫፍ ጣቱ 10 ማይክሮን ሲሆን አይታወቅም፤ 1 ማይክሮን ሲሆን ግን የጌቱ ጉልህ ክፍል ይሆናል፣ ፍሰት ሳይጨምርም ካፓሲታንስ ይጨምራል። የመደቦቹ ጫፎችም እንዲሁ ናቸው። ዙሪያውን ካለው ኦክሳይድ ጋር የሚዋሰነው የድሬይን ጠርዝ በሁለት ጣት 1 ማይክሮን ብቻ ነበር፤ በአሥር ጣት 5 ይሆናል፣ በመቶ ጣት 50 ይደርሳል። ከላይ የሚያልፉት የብረት መስመሮችም ይበዛሉ፤ በጌትና በድሬይን መስመሮች መካከል የሚፈጠረው ካፓሲታንስ ደግሞ ማጉያው ራሱ የሚያባዛው ስለ ሆነ ከሁሉ የከፋ ነው። ጌቱ በድሬይኑ ጠርዝ ላይ የሚደረብበት ካፓሲታንስም በመከፋፈል አይቀንስም፤ የጠርዙ ድምር ያው 100 ማይክሮን ነውና።

እንግዲህ ማቆሚያው የት ነው? እኛ የሚሻለን መለኪያ የጌቱን ተቃውሞ ከትራንስኮንዳክታንሱ ግልባጭ ጋር ማነጻጸር ነው። ትራንዚስተራችን 20 ሚሊሲመንስ ቢኖረው፣ ግልባጩ 50 ኦም ነው። ያልተከፋፈለው ጌት 1,481 ኦም ከዚህ ሠላሳ እጅ ያህል ይበልጣል። አሥር ጣት በአንድ ጫፍ ሲያያዝ 14.8 ኦም ነው፤ ለብዙ ሥራ ይበቃል፣ ለጩኸት ጠንቃቃ ለሆነ ማጉያ ግን ገና ብዙ ነው። በሁለት ጫፍ ሲያያዝ 3.7 ኦም ይሆናል፣ ከአሥር አንድ በታች ነው። ከዚህ በኋላ የሚጨመር ጣት የሚያድነው ጥቂት፣ የሚያስከፍለው ግን ብዙ ነው።

ጣቶቹ ሁሉ በሥዕል እኩል ቢሆኑም በሲሊኮን ላይ እኩል አይወጡም። በረድፉ ዳር ያለው ጣት አንድ ጎረቤት ብቻ ስላለው፣ ጌቱ በሚቀረጽበት ጊዜ ከመሐሎቹ በጥቂቱ የተለየ ርዝመት ሊይዝ ይችላል። በትራንዚስተሮች ዙሪያ የሚሞላው ኦክሳይድም ሲሊኮኑን ይጫነዋል፤ ጫናው በዳሮቹ ላይ ይበረታል። ይህ ጫና የኤሌክትሮኖችን ጉዞ ያዘገያል፣ የሆሎችን ጉዞ ግን ያፋጥናል፤ ስለዚህ በኤን ዓይነት ትራንዚስተር የዳር ጣቶች ይደክማሉ፣ በፒ ዓይነት ይበረታሉ። ይህን ለማስተካከል በሁለቱም ዳር ሥራ የሌላቸው የይስሙላ ጣቶች ይጨመራሉ። ጌታቸው ትራንዚስተሩን ዝግ ከሚያደርግ መስመር ጋር ይታሰራል፤ ተግባራቸው ጎረቤት መሆን ብቻ ነው።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚረቀው ሁለት ትራንዚስተሮች ፍጹም እኩል እንዲሆኑ ሲፈለግ ነው። በልዩነት ማጉያ መግቢያ ላይ ያሉትን ሁለቱን «ሀ» እና «ለ» እንበላቸው፤ ሶርሳቸው አንድ ነው። በቺፑ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ በቀስ የሚለወጥ ነገር ቢኖር ለሁለቱም እኩል እንዲደርስ፣ ጣቶቹን ሀ-ለ-ለ-ሀ አድርጎ መደርደር የታወቀ ዘዴ ነው። ነገር ግን መደቦቹን እንቁጠር። የ«ለ» ሁለት ጣቶች መሐል ላይ አንድ ድሬይን ይጋራሉ፤ የ«ሀ» ድሬይኖች ግን በሁለቱ ዳሮች ለየብቻ ይቀራሉ። ፍሰታቸው እኩል ቢሆንም የ«ሀ» የድሬይን ስፍራ የ«ለ» እጥፍ ሆነ። በዝግታ ለሚሠራ ሰርኪት ምንም አይደለም፤ ለፈጣን ሰርኪት ግን ለማስተካከል የተደረገው ነገር አዲስ ልዩነት ፈጠረ። ከሥሩ ሁለተኛ ረድፍ ለ-ሀ-ሀ-ለ ተብሎ ሲጨመር ግን እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ድሬይን ይኖራቸዋል፤ ሚዛኑም ይመለሳል።

ጣቶች አብረው አለመሥራታቸው ሕይወት የሚያሳጣበት አንድ ስፍራ አለ። ይኸውም ቺፑን ከሰው እጅ ከሚወጣ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ የሚጠብቀው ትራንዚስተር ነው። ለፍተሻ በተለመደው የሰው አካል አምሳያ፣ 100 ፒኮፋራድ ካፓሲተር በ2,000 ቮልት ተሞልቶ በ1,500 ኦም በኩል ይለቀቃል፤ ከፍተኛው ፍሰት 1.33 አምፔር ይደርሳል። ጠባቂው ትራንዚስተር አሥር ጣት ቢኖረው፣ ለእያንዳንዱ 133 ሚሊአምፔር ይደርሰዋል ብለን ሸክሙን እናካፍላለን። ሲሊኮኑ ግን እንዲህ አያካፍልም። በድሬይኑ ላይ ቮልቴጁ ሲወጣ ከአሥሩ አንዱ ጣት ከሌሎቹ በጥቂቱ ቀድሞ ይከፈታል። ሲከፈት ደግሞ ቮልቴጁ ተመልሶ ይወርዳል፤ ከወረደም ሌሎቹ ዘጠኝ ጣቶች የሚከፈቱበት ቮልቴጅ ላይ አይደርስም። ስለዚህ የቀደመው ጣት ብቻውን ሁሉን ተሸክሞ ይቀልጣል፤ ዘጠኙ ሳይነኩ ይቀራሉ። ስፋቱን እጥፍ ማድረግ ይህን አያድንም። የሚያድነው በእያንዳንዱ ጣት ድሬይን ላይ ሆን ተብሎ ተቃውሞ መጨመር ነው፤ ይህም የድሬይኑን ኮንታክት ከጌቱ በማራቅና በዚያ ስፍራ ሲሊሳይዱን በመከልከል ይደረጋል። ያን ጊዜ በተከፈተው ጣት ፍሰቱ ሲጨምር ቮልቴጁም እንደ ገና ይወጣል፤ ጣቱ ሳይቀልጥም ሌሎቹን በየተራ ያስከፍታቸዋል። ለጌቱ ስንል ያባረርነውን ተቃውሞ እዚህ ጠርተን እናመጣዋለን።

በዛሬዎቹ እጅግ ረቂቅ ቺፖች ትራንዚስተሩ ከሲሊኮን ከቆሙ ክንፎች የሚሠራ ሆኗል። ኢንቴል ይህን ፊንፌት የተባለ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2011 ለ22 ናኖሜትር ሥራው አስታወቀ። በፊንፌት ስፋቱ እንደ ልብ አይመረጥም፤ በክንፎች ቁጥር ይቆጠራል። ጣቶቹ ግን አልቀሩም፤ ጌቱ በስንት ክንፍ ላይ ይለፍና ስንት ጌት ይደርደር የሚለው ጥያቄ በአዲስ መልክ ያው ነው።

የቀረን ስለ ሰርኪቱ ሥዕል አጻጻፍ ነው፤ ተማሪ ብዙ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ይመስለናል። ሲሙሌተሮች ስፋትን የሚያበዙበት ሁለት ቁጥር አላቸው፤ አንዱ የጣት ቁጥር፣ ሌላው የብዜት ቁጥር ነው። የጣት ቁጥር 10 ማለት መደቦቻቸውን የሚጋሩ አሥር ጣቶች ማለት ነው። የብዜት ቁጥር 10 ማለት ግን እያንዳንዱ የራሱ ሶርስና የራሱ ድሬይን ያለው፣ በሽቦ ብቻ የተያያዙ አሥር ትራንዚስተሮች ማለት ነው። በቀጥተኛ ፍሰት ስሌት ሁለቱ ተመሳሳይ መልስ ሊሰጡ ይችላሉ፤ በእኛ ምሳሌ ግን የድሬይኑ ስፍራ በመጀመሪያው 25፣ በሁለተኛው 50 ካሬ ማይክሮን ነው። በአንዳንድ የፋብሪካ ሞዴሎች ደግሞ የሚጻፈው ስፋት የጠቅላላው፣ በሌሎች የአንዱ ጣት ስለ ሆነ፣ የሞዴሉን መምሪያ ሳያዩ ቁጥር መጻፍ አሥር እጥፍ የሚሆን ልዩነት ያመጣል። ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ ጉግልና ስካይወተር የ130 ናኖሜትሩን ሥራ የንድፍ ሰነድ ለሁሉ ክፍት ስላደረጉ፣ ማጂክ የተባለው የንድፍ ፕሮግራምና ኤንጂስፓይስ የተባለው ሲሙሌተርም በነጻ ስለሚገኙ፣ ይህን ለመፈተን ኮምፒዩተርና ትዕግሥት ይበቃሉ። ፈታኙ አንዱን ትራንዚስተር በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስትና በአሥር ጣት ይንደፈው፤ ከእያንዳንዱም ንድፍ የድሬይኑን ስፍራና ጠርዝ ፕሮግራሙ ለክቶ እንዲያወጣ ያድርግ፤ ከዚያም ሦስቱን ከሁለቱ ጋር ያነጻጽር።